ከኮምፒውተር ወደ አምፕ፦ ዲጂታል ድምፅ አወጣጥ ከገመድ እስከ ሴቲንግ

ላፕቶፑን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ከአምፕ (ከድምፅ ማጉያ) ጋር አገናኝታችሁ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ማሲንቆው ብቻውን ሲገባ ከስሩ «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ማውዝ ስታንቀሳቅሱ ጭርጭር ይላል። ቻርጀሩን ስትነቅሉ ይጠፋል፣ ስትሰኩት ይመለሳል። ጭፈራ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ቀስ ባለ ትዝታ ላይ፣ ወይም ድቤው ገና ባልገባበት መንዙማ ላይ ግን ያበሳጫል። ደሴ ተቀምጦ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ሳይሰሙ መዋል ከባድ ነው።

ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ዘፈን ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ስፒከር የሚያውቀው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ቁጥሩ ወደ ሞገድ የሚለወጠው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ፋኑና ፓወር ሰፕላዩ በሚረብሹበት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አውጥተን ውጭ ባለ ዕቃ ላይ እንለውጠዋለን። ዲጂታል አውትፑት ማለት ይኸው ነው። የሚለውጠው ዕቃ ዳክ ይባላል። ለብቻው ትንሽ ሳጥን ሆኖ ይሸጣል፤ ሆም ቴአትር ወይም ሳውንድ ባር ውስጥም ተሠርቶ ይመጣል።

ገንዘብ እንዳታባክኑ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ ሥራ ጉርምርምታውን ያጠፋል፣ ድምፁንም ያጠራል። የተበላሸ ፋይል ግን አይጠግንም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 በምንም ገመድ ብታወጡት ያው ነው። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ብዙውን ጊዜ ሲጨመቅ ተቆርጦ ቀርቷል። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል ይይዛል። ሦስቱን ብታባዟቸው በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ይመጣል። 128 የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቤት ውስጥ ኦሪጅናል ሲዲ ካላችሁ ወደ ፍላክ ገልብጡት። ፍላክ ፋይሉን ያሳንሰዋል እንጂ ከድምፁ ምንም አይቆርጥም።

ጀርባቸውን አዙራችሁ እዩ

ዕቃ ከመግዛት በፊት የኮምፒውተሩንም የአምፑንም ጀርባ ማየት ይቀድማል። ዴስክቶፕ ላይ በትንሽ ክዳን የተዘጋች፣ ከውስጧ ቀይ ብርሃን የሚታይባት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለች ኦፕቲካል ነው። ቶስሊንክም ይሉታል፤ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያመጣው ነው። ብቻዋን የቆመች ክብ የጃክ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜም ብርቱካናማ ትሆናለች፣ ኮአክሲያል ነው። ሁለቱም የሚያስተላልፉት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስሙ ኤስፒዲፍ ሲሆን ሶኒና ፊሊፕስ አብረው ያወጡት ስልት ነው። አንዱ በብርሃን ይልከዋል፣ ሌላው በመዳብ።

ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አይገኙም። ዩኤስቢና ኤችዲኤምአይ ግን አሉ፤ ይበቃሉ። የድሮ ማክቡክ ያላችሁ የጆሮ ማዳመጫዋን ቀዳዳ ልብ ብላችሁ እዩ። ከውስጧ ቀይ ብርሃን ከወጣ ኦፕቲካልም ናት፤ ጫፏ ቀጭን የሆነ ሚኒ ቶስሊንክ ገመድ ብቻ ነው የምትፈልገው።

አሁን ወደ አምፑ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀዳዳው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ «ኢን» የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ቴሌቪዥን ጀርባ ያለው ኦፕቲካል «አውት» ነው። ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። የዲሽ ሪሲቨሩም ላይ ያለው እንደዚሁ ነው።

አምፑ አሮጌ ሆኖ ቀይና ነጭ የጃክ ቀዳዳ ብቻ ካለው አይጣልም። እንዲያውም ከአዲሱ ሳውንድ ባር የተሻለ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። በመካከል ዳክ ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዴስክቶፑ ኦፕቲካል ካለው ሌላ አትፈልጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ዩኤስቢ ዳክ ግዙ። ኤችዲኤምአይን የምመክረው ሆም ቴአትራችሁ በኤችዲኤምአይ የሚቀበል ከሆነና ፊልምም በብዙ ስፒከር ማየት ከፈለጋችሁ ነው። ኤስፒዲፍ ያልተጨመቀ ድምፅ በሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የፊልሙን 5.1፣ ማለትም ባለ ስድስት ስፒከር ድምፅ፣ የሚያሳልፈው ዶልቢ ወይም ዲቲኤስ በሚባሉ የፊልም ድምፅ ስልቶች ከተጨመቀ ብቻ ነው። ለሙዚቃ ሁለት ቻናል ምን ጎደለው?

ሱቅ ስትገቡ

ፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «ዳክ አለ?» ብትሉ ግራ የሚገባው ሻጭ አይጠፋም። «ከቲቪ ኦፕቲካል ወደ ቀይና ነጭ ጃክ የሚቀይር» በሉት፤ ወዲያው ያወጣላችኋል። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት። በአንድ በኩል ኦፕቲካልና ኮአክሲያል፣ በሌላ በኩል ቀይና ነጭ አላት። በ5 ቮልት ነው የምትሠራው።

ሳጥኗን አገላብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። «ዲጂታል ቱ አናሎግ» ማለት አለበት። ቁርጥ እሷን የምትመስል፣ ሥራዋ ግን የተገላቢጦሽ የሆነ «አናሎግ ቱ ዲጂታል» የምትባል አለች። ሻጩም ሳያውቅ ሊያቀብላችሁ ይችላል። ቤት ደርሳችሁ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክ ሆነው ድምፅ ግን አይወጣም።

ኦፕቲካል ገመድ ስትገዙ ስልካችሁን አውጡና «ወንድሜ፣ ላብራው?» በሉት። የስልኩን ባትሪ መብራት አንዱ ጫፍ ላይ አድርጉ፤ ሌላው ጫፍ ላይ ደማቅ ነጥብ መታየት አለበት። ደብዛዛ ከሆነ ሌላ ይስጣችሁ። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ወርቅ የተቀባ ጫፍ ተብሎ ብር ቢጨመርባችሁ እምቢ በሉ። በብርሃን ለሚሠራ ገመድ ወርቅ ምን ይሠራለታል?

ለኮአክሲያል መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የሚፈለገው 75 ኦም ገመድ ነው። ከድሮው ዴክ ጋር የመጣችው ቢጫዋ የቪዲዮ ጃክ ለዚያ የተሠራች ናት። መሳቢያ ፈትሹ።

አገጣጠም

ሁሉንም አጥፉ። የኦፕቲካሉ ጫፎች ላይ ትናንሽ የፕላስቲክ ቆቦች አሉ፤ አውልቋቸው። ቀለም አልባ ስለሆኑ አይታዩም፣ «ገመዱ አይሠራም» ተብሎ ከሚመለሰው ገመድ ስንቱ ቆቡን እንደለበሰ ነው። የጫፉ አንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ ሌላው በኩል ሁለት ጠርዙ የተቆረጠ ነው። አቅጣጫውን አይታችሁ ግፉት፤ ጠቅ ይላል። በጉልበት አይገባም። ገመዱን በሹል ማዕዘን አትጠፉት፣ የቁም ሳጥን እግር ስርም አታሳልፉት። ውስጡ ከተሰበረ አይጠገንም።

ከዳኩ ቀይዋን ወደ ቀኝ፣ ነጭዋን ወደ ግራ ስኩ። አምፑ ላይ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚለው ጋ ይሁን። «ፎኖ» የሚለው ጋ ከሰካችሁት ድምፁ ይንጫጫል። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ደካማ ድምፅ ተብሎ የተሠራ፣ ብዙ የሚያጎላ መግቢያ ነው።

የዳኳን ኤሌክትሪክ ከየት ትሰጧታላችሁ? ብዙዎች ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ይሰጧታል። ያን ጊዜ ኦፕቲካል የገዛችሁበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋል። ኦፕቲካል ገመድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ለዚህ ነው የኮምፒውተሩ ጉርምርምታ ወደ አምፑ የማይሻገረው። በዩኤስቢ ስታገናኟት ያቋረጣችሁትን መንገድ መልሳችሁ ከፈታችሁት። ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ላይ ስኳት።

ዩኤስቢ ዳክ ለገዛችሁ ሥራው አጭር ነው። ሰክታችሁ ትጠብቃላችሁ። ከ2017 ወዲህ ማሻሻያ ያገኘ ዊንዶውስ 10፣ እንዲሁም ዊንዶውስ 11፣ አብዛኞቹን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቋቸዋል። በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ስኩት።

ዊንዶውስ ላይ

ኮንትሮል ፓናል ክፈቱ። «ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ» ውስጥ «ሳውንድ» የሚለውን ተጫኑ። «ፕሌይባክ» በሚለው ገጽ ላይ የድምፅ መውጫዎች ተደርድረው ታያላችሁ። ኦፕቲካሉ ወይም ኮአክሲያሉ ብዙ ጊዜ «ሪልቴክ ዲጂታል አውትፑት» ወይም «ዲጂታል ኦዲዮ ኤስፒዲፍ» በሚል ስም ይገኛል። ዩኤስቢ ዳክ በራሱ ስም ይመጣል። ኤችዲኤምአይ በቴሌቪዥኑ ወይም በአምፑ ስም ይታያል፣ ያውም አምፑ በርቶ ከሆነ ነው።

ከሌለ አትደንግጡ። ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ክሊክ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» በሉ። ደብዝዞ ብቅ ካለ እሱ ላይ በቀኝ ክሊክ «ኢኔብል» ማለት ነው። አሁንም ከሌለ የማዘርቦርዱን የድምፅ ድራይቨር ከአምራቹ አውርዳችሁ ጫኑ።

መርጣችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉ። ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ»። እዚህ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ፎርማቱ ነው። ዊንዶውስ ከሁሉም ፕሮግራም የሚመጣውን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ እዚህ በመረጣችሁት ልክ ያወጣዋል። 48,000 ላይ ካለና ዘፈናችሁ 44,100 ከሆነ በየሰከንዱ ቁጥሩን አስልቶ ይለውጠዋል። ጆሮ ላይለየው ይችላል። ቢሆንም ሳያስፈልግ ለምን ይነካካል? ሙዚቃ ብቻ የምትሰሙ 44,100 አድርጉት። ፊልም የሚበዛባችሁ 48,000 ላይ ተዉት፤ የቪዲዮ ድምፅ በዚያ ልክ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው «ኤክስክሉሲቭ ኮንትሮል» የሚለው ምልክት ነው። መብራቱን፣ ማለትም ራይት ምልክቱ መኖሩን አረጋግጡ። «ኢንሃንስመንትስ» የሚል ካለ ደግሞ ሁሉንም አጥፉ። ባስ መጨመሪያው፣ የአዳራሽ ድምፅ ማስመሰያው፣ ሁሉም ይጥፋ። ባስ የፈለገ አምፑ ላይ ይጨምር።

ማጫወቻው ላይ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እኔ የምጠቀመው ፉባር2000ን ነው። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሮጣል። መልኩ አያምርም፤ ለመልክ አይደለም የምንፈልገው።

ከመጀመራችሁ በፊት የአምፑን ቮልዩም ወደ ታች አውርዱት። ይህን ዘልላችሁ አትለፉ። ቀጥታ ዲጂታል ስታወጡ የዊንዶውሱ ቮልዩም ላይሠራ ይችላል፣ ድምፁም በሙሉ ኃይሉ ይወጣል። ስፒከር የሚቃጠለው፣ ጎረቤት የሚቆጣውም እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

«ፋይል»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ፕሌይባክ»፣ «አውትፑት» ብላችሁ ግቡ። በአዲሶቹ ስሪቶች የመውጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ የዳካችሁ ስም ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ አጠገቡ «ኤክስክሉሲቭ» ይላል። እሱን ምረጡ። ዋሳፒ የሚባለው የዊንዶውስ መንገድ ነው፤ ከቪስታ ጊዜ ጀምሮ አለ። ፕሮግራሙ የዊንዶውስን መቀላቀያ ዘልሎ ቁጥሩን እንዳለ ለዳኩ ያስረክባል ማለት ነው። ቢቱን ዳኩ የሚችል ከሆነ 24 ላይ አድርጉት። 16 ቢት የሆነው ዘፈን ከኋላው ዜሮ ይጨመርለታል እንጂ አይጎዳም። ድምፅ የሚለዋውጡ ማጣሪያዎች የሚጨመሩበትን «ዲኤስፒ» የሚለውን ገጽ ባዶ ተዉት። የፉባሩን የራሱን ቮልዩም እስከ ላይ ድረስ ክፈቱና ከዚያ በኋላ በአምፑ ብቻ ተቆጣጠሩ።

ሚዩዚክቢ የምትወዱ፣ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፕሌየር» ጋ ገብታችሁ «ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ» ምረጡ። ቪኤልሲ ላይ ደግሞ «ቱልስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ኦዲዮ» ጋ መውጫውን ትመርጣላችሁ። እዚያው «ፓስስሩ» የሚል ነገር አለ። ዶልቢውን ሳይፈታ እንዳለ የሚልክ ነው። ሆም ቴአትር ካላችሁ አብሩት። ያቺ ትንሽ ሳጥን ከሆነች አጥፉት፤ እሷ የምታውቀው ፒሲኤም፣ ማለትም ያልተጨመቀ ድምፅ፣ ብቻ ነው። ዶልቢ ከላካችሁላት ወይ ዝም ትላለች ወይ ታፏጫለች።

ማክ ላይ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ዳኩንና 44,100ን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ሊነክስ ላይ «ፓቩኮንትሮል» ውስጥ «ኮንፊገሬሽን» ገጽ ላይ «ዲጂታል ስቴሪዮ» የሚለውን ምረጡ፤ አጠገቡ አይኢሲ958 ይላል፣ የኤስፒዲፍ የደረጃ ስሙ ነው። ድምፅ እምቢ ካለ ተርሚናል ላይ «አልሳሚክሰር» ክፈቱ። አይኢሲ958 የሚለው ስር ሁለት ኤም ተጽፎ ካገኛችሁ ተዘግቷል፤ ኤምን ተጫኑ፣ ይከፈታል።

እንዴት አውቃለሁ?

ዘፈን እየተጫወተ የዩቲዩብ ቪዲዮ ክፈቱ። ቪዲዮው ዝም ካለ ወይም ስህተት ካወጣ ሥራችሁ ተሳክቷል። ማጫወቻው መውጫውን ለብቻው ይዞታል ማለት ነው። ለዕለት አጠቃቀም ይህ የሚያስቸግራችሁ ካለ «ኤክስክሉሲቭ» ያልሆነውን ምረጡና 44,100 ላይ ተዉት። ልዩነቱ የሚጋነነውን ያህል አይደለም። ዋናው ጥቅም ጉርምርምታው መቅረቱ ነው፣ እሱን ደግሞ በሁለቱም ታገኙታላችሁ።

ስክሪን ያለው ዳክ ወይም አምፕ ካላችሁ ደግሞ ባለ 44.1 ዘፈን አስከትላችሁም ባለ 48 አጫውቱ። ቁጥሩ አብሮ ከተቀያየረ ማንም በመሃል አልነካውም።

የዘፈኑ የመጀመሪያ ሰከንድ ከተበላ ዳኩ ቁጥሩን ለይቶ እስኪይዝ የወሰደው ጊዜ ነው። ብልሽት አይደለም። ዘፈኖቹን በዝርዝር ደርድራችሁ ስታጫውቱ መጀመሪያው ላይ ብቻ ይሆናል።

ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚቆራረጥ ከሆነ በኦፕቲካል 192 ኪሎኸርዝ እየላካችሁ እንዳይሆን እዩ። ብዙ ኦፕቲካል መሣሪያ ከ96 በላይ ይንተባተባል። በዩኤስቢ ከሆነ ቀዳዳውን ቀይሩ፣ ፉባሩ ላይም «በፈር» የሚለውን ከፍ አድርጉ።

ጉርምርምታው ካልለቀቀ

ዩኤስቢ ዳክ ገዝታችሁ ያው «እምምም» ካለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ጠፋ? ችግሩ የግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚሄደው መስመር ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ሶኬቱ የግራውንድ መስመር የለውም፣ ወይም ክፍል በክፍል የተለያየ ነው። የመስመራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሙት ወፍራም ጉርምርምታ እሱ ራሱ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩንና አምፑን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ስኳቸው። ካልተሻለ ወደ ኦፕቲካል ተሻገሩ። የአምፑን የግራውንድ እግር ቆርጦ ዝም የሚያሰኝ «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ ግን አታስነኩት። ድምፁ ዝም ይል ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ካመለጠ የሚቀበለው እጃችሁ ነው።

ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ደመና ሲለብስና መብረቅ ሲጀምር ሁሉንም ከግድግዳው ንቀሉ። ኦፕቲካሉ መብረቅ አያሻግርም፤ የኤሌክትሪክ ገመዶቻችሁ ግን ያሻግራሉ። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ መብራት ከሄደ አምፑን ወዲያው አጥፉት። ሲመለስ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ዳኩ፣ መጨረሻ አምፑ ይብራ። ስትዘጉ አምፑ ይቅደም፣ ስፒከሩ «ዷ» እንዳይል።

መብራት ተመልሶ ዘፈን ስትከፍቱ ድምፅ ከጠፋ ገመድ አትነካኩ። ዳኩ ወይም አምፑ ጠፍቶ ስለነበር ዊንዶውስ መውጫውን ወደ ላፕቶፑ ስፒከር አዛውሮት ሊሆን ይችላል። «ፕሌይባክ» ገጽ ላይ ተመልሳችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉት፣ ፉባሩንም ዘግታችሁ ክፈቱት።